ኮቹ ወዶታል፤ ዩኒቨርሲቲውስ?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፣ ላይንባከር ነው፣ ከተከላካዮቹ አንዱ። ጂፒኤው 3.8 ነው። ባለፈው ወር ከአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች የአንዱ ኮች ደውሎ ‹ኦፈር አለህ› አለው። ቤታችን ሰርግ ሆነ። ለቤተ ክርስቲያንም ለዕድርም ተወራ። ኋላ ግን ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም ተባልን። ባለቤቴ ‹ታዲያ ምን ሊያደርግልን ነው?› አለ። ደቡብ ያለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንሰጠዋለን ብሏል። አንድ ሰው በበኩሉ ‹3,500 ዶላር ክፈሉኝና አይቪውን እጨርስላችኋለሁ› ይለናል። እኔ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ ሁለታችን በዓመት 90 ሺህ ዶላር ገደማ እናገኛለን። ልጄ ጭንቅላቱን እንዳይመታብኝም ሁሌ እሰጋለሁ። የቱን እንመን?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ የልጅ ጉዳይ በእርስዎ ሲወራ ይርቅብኛል።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ከክላስ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሮጥና ሲላተም ውሎ፣ ማታ ደክሞት ቤት ገብቶ፣ 3.8 ማምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ያውም አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ፣ «አጥና» የሚለው ሰው ቤት ሳይኖር። ኮቹም ያየው ይህንን ጭምር ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን «ኦፈር» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ቤታችሁን ሰርግ ያደረገው እሱ ነው። መጠንቀቅ ያለብሽም እሱን ነው።

አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንት ናቸው፦ ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ፔን፣ ብራውን፣ ዳርትመዝ እና ኮርኔል። በእነዚህ ቤቶች ኮች ልጅ ማስገባት አይችልም። ይህን ስምንቱም በጋራ በጽሑፍ አስፍረውታል፤ ኮች ድጋፉን ሊገልጽ ይችላል፣ የሚቀበለው ግን የአድሚሽን ቢሮ ብቻ ነው። ኮቹ በየዓመቱ ለፉትቦል ወደ 30 የሚጠጉ ልጆችን ስም ይዞ ወደዚያ ቢሮ ይሄዳል። «እነዚህን እፈልጋለሁ» ይላል። በኤፕሪልና በሜይ «ኦፈር አለህ» የሚባለው ግን ከ30 እጅግ ለሚበልጥ ልጅ ነው። ኮቹ እየዋሸ አይደለም። የእሱ ኦፈር ትርጉሙ «ውጤትህ ካለፈ፣ ካምፕ ላይ (ኮቾች ልጆችን በልምምድ በሚያዩበት ቦታ) ካየንህ በኋላም ከወደድንህ፣ ያን ጊዜም ቦታ ካለን» ማለት ነው። እኛ ቤት ሲደርስ ግን «ተቀብለንሃል» ሆኖ ይሰማል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ እንዲሁ ተደውሎለት ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው። እህቴ ቡና እየቆላች ነው። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኮቹ «በጣም ወደንሃል፣ ካምፓችን ላይ ብናይህ ደስ ይለናል» አለው። ልጁ ወደ እናቱ ዞረና «ተቀበሉኝ!» አላት። እህቴ እልል አለች። ቡናው አረረ፣ ማንም ግድ አላለው። ልጁም አልዋሸም፤ እንደዚያ ነው የሰማው። ሰመሩን ሙሉ የሌሎች ኮቾችን መልእክት ሳይመልስ ከረመ። ሴፕቴምበር ሲገባ ያኛው ኮች ዝም አለ። በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ልጆች ሞልተውለት ነበር። ልጁ ሌላ ቦታ ገብቶ ተምሯል፣ ዛሬ ደህና ነው። እናቱ ግን ያን መስከረም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰው እንዳይጠይቃት ከኋላ ቆማ አስቀድሳ ሳይጨርሱ ትወጣ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ደረሰባት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ በዚህ ጉዳይ ልጅሽ አያስተርጉም። ልጆቻችን ከትንሽነታቸው ጀምሮ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በኢሚግሬሽን ቢሮ አፋችን ሆነው አድገዋል። እግዜር ይስጣቸው። በራሱ ዕጣ ላይ ግን ልጅ አስተርጓሚ ሊሆን አይገባም። የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ኮቹን ራስሽ ጠይቂው። እንግሊዝኛሽ ቢሰባበር ምንም አይደለም፤ በኢሜይል ጻፊለት። የጽሑፍ መልስ ቁጭ ብለው ያነቡታል፣ ለሚያውቅ ሰውም ያሳዩታል። «ኮቹ ቅር ይለው ይሆን?» እንዳትዪ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ሁሉ ይጠይቁታል፣ ለምዶታል።

ምን ልጠይቅ ካልሽ፣ እንዲህ ብለሽ፦ ልጄ ለአድሚሽን ቢሮ ሙሉ ድጋፍ ከምትሰጧቸው ልጆች አንዱ ነው ወይስ ገና እያያችሁት ነው? ዘንድሮ በእሱ ቦታ ስንት ልጅ ትወስዳላችሁ፣ ስንቱስ ቃል ገብቷል? ፕሪ ሪዱን መቼ ታደርጉለታላችሁ? መልሱ ውስጥ አንድ ቃል ፈልጊ፤ «ሳፖርት» የሚለውን። «ላይክ» ስሜት ነው፣ ለመቶ ልጅ ይባላል። «ሳፖርት» ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ክብደት ያለው ቃል ነው፣ ኮች ዝም ብሎ አይበትነውም።

ፕሪ ሪድ ያልኩሽ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ልጁ 11ኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ ኮቹ ትራንስክሪፕቱን፣ የፈተና ውጤቱንና በ12ኛ ክፍል የሚወስዳቸውን ትምህርቶች ዝርዝር ለአድሚሽን ቢሮ ማሳየት ይችላል። ቢሮው አይቶ «ይሄ ልጅ የሚያስኬድ ነው» ወይም «አይሆንም» ይላል። ተስፋና ጭብጥ የሚለዩት እዚህ ጋ ነው። ያለ ፕሪ ሪድ ማንም ምንም ቢልሽ ገና ወሬ ነው። ስለዚህ ጁን ሳያልቅ ወረቀቶቹን ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ተቀብላችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ጁላይ ላይ ኮቹ ሲጠይቅ በዚያው ቀን ይላክለት። የእህቴ ልጅ ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ ትምህርት ቤቱ በሰመር ዝግ ነበር።

እዚህ ጋ ነው 3.8 የሚሠራው። አይቪዎቹ አካዳሚክ ኢንዴክስ የሚሉት ቀመር አላቸው። የልጁን የትምህርት ውጤትና የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ የሚባሉትን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዎች ነጥብ አንድ ላይ አድርጎ በቁጥር ያስቀምጠዋል። የተጫዋቾቹ አማካይ ከሌላው ተማሪ አማካይ በጣም እንዲርቅ አይፈቀድም። ስለዚህ ኮች ሁሌ ሒሳብ ላይ ነው። ነጥቡ ከፍ ያለ ልጅ ሲያገኝ፣ ነጥቡ ዝቅ ያለ ግን በጣም የሚፈልገውን ሌላ ልጅ ለመውሰድ ፋታ ያገኛል። እኩል የሚጫወቱ ሁለት ላይንባከሮች ቢመጡለት የሚመርጠው የቱን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ስለ ኤስኤቲ አልጻፍሽልኝም። ካልወሰደ ሳይውል ሳያድር ይመዝገብ። ወስዶ ከሆነም አንድ ጊዜ ይድገመው። በኮቪድ ጊዜ ፈተናውን ትተውት ከነበሩት አብዛኞቹ መልሰው መጠየቅ ጀምረዋል። በየሳምንቱ መጨረሻ መኪና እየነዳችሁ፣ ሆቴል እየከፈላችሁ አምስት ስድስት ካምፕ ከምታዞሩት፣ ለሁለት ወር ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብና ንባብ ቢለማመድ ይሻለዋል። ካምፕ አይሂድ አላልኩም። እውነተኛ ፍላጎት ያሳየው ዩኒቨርሲቲ ካምፕ ይሂድ። የካምፕ ማስታወቂያ በኢሜይል ስለደረሰው ብቻ ግን ተፈልጌያለሁ ብሎ እንዳያስብ። ያ ኢሜይል ለሺህ ልጅ የሚላክ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የባለቤትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ንቀሽ እንዳታልፊው። እውነት ነው፣ አይቪ ሊግ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1954 ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው። የሚሰጡት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው። የዓመቱ ወጪ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነው ሲባል ሰምታችሁ ደንግጣችሁ ይሆናል፤ የአንድ ዓመት ገቢያችሁ ማለት ነው። ግን ያ ዋጋ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ሀርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ለሚያገኝ ቤተሰብ ትምህርቱን፣ ምግቡን፣ መኖሪያውን ጨምሮ በነጻ አድርጓል። ፕሪንስተን እስከ 150 ሺህ ለሚያገኙ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ምንም አያስከፍልም። ሌሎቹ ስድስቱ እንደየቤታቸው ይለያያሉ፣ ግን በእናንተ ገቢ ሁሉም ብዙ ይረዳሉ።

ለባለቤትሽ በተለይ ንገሪልኝ፦ ይህ እርዳታ ከፉትቦሉ ጋር አልታሰረም። ልጁ በአንደኛው ዓመት ጉልበቱ ቢጎዳ፣ ወይም በሁለተኛው ዓመት «በቃኝ፣ ትምህርቴ ላይ ላተኩር» ቢል፣ ገንዘቡ አይቋረጥም። አዲስ ኮች መጥቶ ባይወደው አይቋረጥም። የቤተሰቡ ገቢ እስካልተለወጠ ድረስ እስኪመረቅ አብሮት አለ። እኔ አባት ብሆን ይህን ነበር የምፈልገው።

የደቡቡን ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ለማጣጣል አይደለም። ሙሉ ስኮላርሺፕ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ልጅ ሕይወቱ ተለውጦበታል። ግን እሱም እስኪፈረም ድረስ በቃል ያለ ነገር ነው። ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ቢጎዳስ? ኮቹ ቢለወጥስ? በጽሑፍ ይምጣላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ታያላችሁ። እስከዚያው ከእነሱም ጋር በመከባበር መነጋገሩን አታቁሙ።

የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ለማወቅ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። ለመንግሥት እርዳታ ብቁ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚሉትን የወጪ ማስያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ግምቱን ይነግራችኋል። ባለቤትሽ ኡበር ስለሚነዳ የግል ሥራ ተብሎ ነው የሚታየው። የቤንዚኑ፣ የመኪናው ወጪ ተቀናንሶ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ከታክሱ ላይ ይታያል። ለአገር ቤት የምትልኩትን የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያው ቅጽ በራሱ አያየውም። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪ ከሆነ ለፋይናንሺያል ኤድ ቢሮው በደብዳቤ አስረጂ፣ ደረሰኙንም አያይዢ። ሁሉም ይቆጥሩታል ማለት አልችልም፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። አዲስ አበባ የጀመራችሁት ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ካለም አትደብቁ። ቅጹ ሌላ ቤት ወይም ቦታ እንዳላችሁ ይጠይቃል፣ በፊርማችሁ ነው የምታረጋግጡት። ለኮቹም «የገንዘቡንም ፕሪ ሪድ እንፈልጋለን» በሉት። ያደርጉላችኋል። ልጁ ለማንም የመጨረሻ ቃል ከመስጠቱ በፊት ያ ቁጥር እጃችሁ ይግባ። በተለይ ኮሎምቢያ፣ ፔን፣ ብራውን፣ ዳርትመዝና ኮርኔል ኧርሊ ዲሲዥን የሚሉት ቀድሞ የሚገባ ማመልከቻ ከገባና ከተቀበሉት መሄድ ግዴታ ነው። ሀርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ቀድሞ ማመልከት አላቸው፣ ግን አያስሩም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሚገቡበት ቤተሰቦች አሉ።

3,500 ዶላር የሚጠይቃችሁን ሰው ግን ዛሬውኑ «አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም» በዪው። እዚህ ላይ አልለዝብም። ማርች 2019 የፌዴራል መንግሥት 50 ሰው የከሰሰበትን ጉዳይ ሰምተሽ ይሆናል። ሪክ ሲንገር የሚባል ሰው ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ፣ ለኮቾች ጉቦ እየሰጠ፣ ስፖርት ነክተው የማያውቁ ልጆችን ስፖርተኛ አስመስሎ ዬልንና ጆርጅታውንን የመሰሉ ቦታዎች ያስገባ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ወላጆችም ታስረዋል። የናንተ ሰው እንደዚያ ነው አላልኩም። ምናልባት ቪዲዮ አዘጋጅቶ ለኮቾች ኢሜይል የሚልክ ብቻ ይሆናል፣ ያ ወንጀል አይደለም። ግን «እጨርሳለሁ» ያለ ሰው የሌለውን ነው የሚሸጠው። ኮቹ እንኳ የማይጨርሰውን እሱ ከየት አምጥቶ? ልጅሽ ቪዲዮውን ሀድል በሚባለው የጨዋታ ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ራሱ ይሥራ። የትምህርት ቤቱ ቡድን ሳይጠቀምበት አይቀርም። ምርጦቹን ፊት ላይ ያድርጋቸው፤ ኮች ካልማረከው ከአንድ ደቂቃ በላይ አያይም። 3,500 ዶላሩ ለኤስኤቲ መማሪያና ለሁለት ጥሩ ካምፕ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ስለ ጭንቅላቱ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። ሌሊት የሚያባንንሽ ግን እሱ እንደሆነ ይሰማኛል። አታስቢ ብዬ አልዋሽሽም። ፉትቦል ጭንቅላት የሚመታበት ጨዋታ ነው፣ የትም ቢጫወት። ዩኒቨርሲቲ ከዩኒቨርሲቲ ግን ይለያያል። ዳርትመዝን ያሠለጥኑ የነበሩት ቡዲ ቲቨንስ በ2010 በልምምድ ላይ ተጫዋች ተጫዋችን ገጭቶ መጣል አስቀሩ። ኮች ሆኖ ይህን ማድረግ በጊዜው እብደት ይመስል ነበር። ልጆቹ ጓደኛቸውን ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ሮቦት እያባረሩ እንዲጥሉ የሚያደርግ መሣሪያም ከዩኒቨርሲቲያቸው መሐንዲሶች ጋር አሠሩ። ቡድናቸው አልተሸነፈበትም፣ እንዲያውም የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ2016 ሌሎቹ አይቪዎችም በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ ገጭቶ መጣልን ከለከሉ። በዚያው ዓመት የመነሻ ምቱን ቦታ ከ35 ወደ 40 ያርድ ወደፊት ገፉት፣ ተጫዋቾች ከሩቅ ተንደርድረው የሚጋጩበት አጋጣሚ እንዲቀንስ። በዚያ ምት ጊዜ የሚደርሰው የጭንቅላት ጉዳት በግልጽ ቀነሰ። ስለዚህ ሁለቱንም ኮቾች ጠይቂያቸው፦ በሳምንት ስንት ቀን በሙሉ ኃይል ትጋጫላችሁ? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወደ ሜዳ እንዲመለስ የሚወስነው ኮቹ ነው ወይስ ሐኪሙ? የመለሱበት ሁኔታ ራሱ ብዙ ይነግርሻል።

እሱ ራሱ ምን ይፈልጋል? ደብዳቤሽ ውስጥ የእሱን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት። አባቱ ሐኪም እንዲሆን ይመኝ ይሆናል፣ እንደ ብዙዎቻችን። ይቻላል፣ ፉትቦል ተጫውተው ሐኪም የሆኑ አሉ። ግን ከሰዓት በኋላ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪና ልምምድ በአንድ ሰዓት ይገጥማሉ። ሊጎበኝ ሲሄድ ከኮቹ ራቅ ብሎ ተጫዋቾቹን ይጠይቃቸው፤ ከእናንተ ስንቱ ላቦራቶሪ ያለበት ትምህርት ይማራል? እንዴት ታደርጋላችሁ? አንድ ሌላ ጥያቄም ራሱን ይጠይቅ፤ ነገ ፉትቦል ቢቀር እዚህ ግቢ ውስጥ ደስ ይለኛል ወይ? ለ«አዎ» እና ለ«አይ» ቸኩሎ መልስ እንዳይሰጥሽ፣ ጉብኝቱ ላይ አድሮ ይምጣና ይንገርሽ።

አይቪው ባይሳካ መንገዱ አልተዘጋም። ደጃችሁ ላይ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ አለ። በፉትቦል በሦስተኛው እርከን፣ ዲቪዥን ስሪ በሚባለው፣ ስለሚጫወት ለፉትቦል ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ ግን በአቅም ይረዳል፤ ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ ቦታ ጥቂት ነው። ወደ ሰሜን እነ ዊልያምስ፣ አምኸርስት፣ ቦዶይንና ታፍትስ አሉ፣ ኮቾቻቸው ውጤት ያለው ተጫዋች ሲፈልጉ ነው የሚውሉት። ለእነዚህ ልጁ ራሱ ኢሜይል ይጻፍላቸው፣ በዚህ ሳምንት። ቪዲዮውን፣ ትራንስክሪፕቱንና ቁመት ክብደቱን ያያይዝ። የኤንሲደብልኤ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) የብቁነት ማእከል ምዝገባውንም ከካውንስለሩ ጋር ያጣራ፤ በከፍተኛው እርከን፣ ዲቪዥን ዋን፣ ለመጫወት 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ።

ለዕድሩና ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው «ገና ነው፣ ጸልዩልን» በዪ። ውሸት አይደለም። ነገሩ ከተሳካ፣ ከኦክቶበር 1 በኋላ ማመልከቻው ተሟልቶ ሲገባ፣ ላይክሊ ሌተር የሚሉት ደብዳቤ ሊመጣለት ይችላል። ውጤትህን ካልጣልክ ትገባለህ የሚል ደብዳቤ ነው። ሲመጣ ከታች ያለውን ፊርማ እዪ። የአድሚሽን ቢሮው ፊርማ ከሆነ፣ ያኔ ቡናውን ቁይና እልል በዪ። ለእኔም ጻፊልኝ።